ክረምት ያልሆነው «ክረምት»

ሰኔ በገባ ቁጥር በናይሮቢ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን «ክረምት ገባ» ብለው በር ይዘጋሉ። ልጆች ከቴሌቪዥን ፊት ይከተታሉ፤ ብስክሌቱም እስከ መስከረም ድረስ በረንዳ ጥግ ይቆማል። ለምን ቢባል መልሱ የተዘጋጀ ነው፦ «ብርድ ይመታቸዋል፤ ደግሞስ በዚህ ጭቃ!»

ይህ ሙግት በአንድ ቃል ላይ የተገነባ ስሕተት ነው። የአማርኛው «ክረምት» የኢትዮጵያን ደጋ የዝናብ ወራትም ሆነ የአውሮፓን የበረዶ ወራት ይጠራል። የናይሮቢ ሐምሌ ግን ከሁለቱም አይደለም። በዚያ ታላቁ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ነሐሴ ሰማዩ ይደምናል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ አልፎ አልፎም ያካፋል፤ ሐምሌ ግን አዲስ አበባ በጎርፍ በምትታጠብበት ጊዜ በናይሮቢ ከዓመቱ ደረቅ ወራት አንዱ ነው። ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ የአየር ጠባዩን በሻንጣ ይዞ አይሄድም።

እንግዲህ ለጫካ ብስክሌት ከዚህ የተሻለ ወቅት ከየት ይመጣል? ከከተማው መካከል ብዙም በማይርቀው፣ ከ1,000 ሄክታር በላይ በሆነው በካሩራ ጫካ፣ በግንቦት ከጎማ ጋር የሚጣበቀው ቀይ አፈር በሐምሌ ጠጥሮ ይገኛል። ዳገቱን የሚወጣ ሰው ፀሐይ አታቃጥለውም፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ የባሕር ዛፉን ሽታ የያዘ ቀዝቃዛ ነፋስ ይቀበለዋል። ብርዱ የሚመታው በላብ የራሰ የጥጥ ሸሚዝ ለብሶ የሚቆመውን ነው፤ መድኃኒቱም በር መዝጋት ሳይሆን ቅያሪ ልብስ መያዝ ነው። ጤዛ የነካው ቅጠልና ሥር እንደሚያንሸራትት ያወቀ ደግሞ ከመታጠፊያው በፊት ፍሬን ይይዛል።

«ጫካ የወንበዴ ቦታ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ በ1990ዎቹ እውነት ነበር። ሰው የሸሸው ጫካ ግን ለወንበዴ ብቻ አልተመቸም። ያን ጊዜ የካሩራ መሬት ለግል ገንቢዎች ሲታደል ዋንጋሪ ማታይና ጓደኞቿ ችግኝ ይዘው ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1999ም ተደብድበው ቆሰሉ። ዛሬ በጫካው ውስጥ ቤተሰብ ተዝናንቶ የሚጋልበው፣ እነርሱ ደማቸውን ስላፈሰሱለት፣ በኋላም የአካባቢው ነዋሪዎችና የደን አገልግሎቱ ተባብረው ስላጠሩትና ስለጠበቁት ነው። ጫካን ከአጥር ይልቅ የሚጠብቀው የዕለት ተዕለት ተመላላሽ ነው፤ ማንም የማይረግጠው ደን ሲሸጥ የሚጮህለት አያገኝም።

በእርግጥ ብስክሌት ጫካን ሊጎዳ ይችላል። ከብርቱ ዝናብ ማግስት በለሰለሰ መንገድ የሚጋልብ ቦይ ይቆፍራል፤ ከተፈቀደው መንገድ የሚወጣም ቡቃያ ይረግጣል። እንዲህ ያለው ጋላቢ ቢወቀስ ይገባዋል። ነገር ግን ይህ የዝናቡን ወራት ለመተው ምክንያት ይሆናል እንጂ ደረቁን ሐምሌ ለመዝጋት ምክንያት አይሆንም።

በናይሮቢ ተወልደው ያደጉት ልጆች ካሩራን የሚያውቁት በመኪና መስኮት ብቻ ከሆነ ነገ መሬቱ ሲቆረስ ምን ብለው ይሟገቱለታል? ወላጆቻቸው ከትውልድ አገራቸው ይዘውላቸው ሊመጡ የሚገባው ቋንቋውን ነው፤ ዝናቡን ግን እዚያው ቢተዉት ይሻላል። ብስክሌቱ ከበረንዳው ይውረድ፤ ጎማው ይነፋ፤ ልጆቹም ወደ ጫካው ይውጡ።