ጭረቱን ከመፋቅ ብርሃኑን ማታለል

ጥቁር መኪና በደመናማ ቀን ሲታይ ገጹ እንደ መስታወት የለሰለሰ ይመስላል። ፀሐይ ስትወጣ ግን በፀሐይዋ ምስል ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ የሠሩ ጭረቶች ብቅ ይላሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ አጣቢው ጨርቁን እያዞረ ስላሸው ነው ይላል። እውነቱ ሌላ ነው። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ብርሃንን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት ግን በምስሉ ዙሪያ ክብ ቢሠራ ከክቡ ጠርዝ ጋር የሚሄዱት ብቻ ናቸው። ማስረጃው ቀላል ነው፦ ተመልካቹ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ሲል ክቡም አብሮት ይሄዳል።

እንግዲህ ቀላል ጭረት ከሁሉ አስቀድሞ የብርሃን ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚሁ ይነሣል፦ ባለመኪናዎች ጭረትን ለማጥፋት ከመቸኮል ይልቅ እንዳይታይ ማድረግን ቢያስቀድሙ ይሻላል።

ምክንያቱ የቀለሙ አሠራር ነው። በዘመናችን መኪኖች ላይ ከፀረ ዝገቱና ከቀለሙ በላይ ቀለም አልባ፣ ብርሃን አሳላፊ ልባስ አለ። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት እምብዛም አይበልጥም፣ ብዙ ጊዜም ያንሳል። ከሥሩ ያለውን ቀለም ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚጠብቀው እርሱ ነው። ፖሊሽ ሲደረግ ደቃቅ ብናኝ ጭረቱን አይሞላውም፤ በዙሪያው ያለውን ልባስ እየፋቀ ወደ ጭረቱ ግርጌ ያወርደዋል እንጂ። የጥርስ ሳሙናም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሰዎች እንደ መድኃኒት የሚያዩት ነገር ለስለስ ያለ ካርታ ቬትሮ መሆኑን ልብ አይሉም። የተፋቀው ደግሞ አይተካም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ ጨረሩ ከቆላው ይልቅ በሚበረታበት ከተማ፣ ለአንድ ቀን አንጸባራቂነት ሲባል ይህን ጋሻ ማሳሳት ብልህነት አይደለም።

መሙላት ግን ምንም አይቀንስም። ልባሱ 1.5 ገደማ የስብረት ኢንዴክስ አለው፤ አየር 1። በሁለቱ ድንበር ላይ ቀጥ ብሎ ከሚያርፍ ብርሃን 4 በመቶው ይንጸባረቃል። ጭረቱ 1.33 ኢንዴክስ ባለው ውኃ ሲሞላ በጭረቱ ግድግዳ ላይ የሚንጸባረቀው ወደ 0.4 በመቶ፣ ማለትም ወደ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ይወርዳል። ሰም ለልባሱ ይበልጥ የቀረበ ኢንዴክስ ስላለው ከውኃም ይሻላል። ስለዚህ መኪናው ሲረጥብ የሚሰወር ጭረት በልባሱ ውስጥ ያለ ነውና ሰም ይበቃዋል። ረጥቦም የሚታይ፣ ጥፍርም የሚይዘው ጭረት ግን ቀለም ያስፈልገዋል፤ ቆርቆሮው ከተገለጠማ ዝገት ስለሚከተል ጋራዥ ሳይውሉ ሳያድሩ መሄድ ነው።

«ይህ ማታለል አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ለራሱ መኪና ሰም ለሚቀባ ሰው አይደለም፤ ሰሙ በጥቂት ሳምንታት እንደሚታጠብ ያውቃልና። በሽያጭ ዋዜማ ለሚቀባ ሰው ግን ማታለል ነው። ገዢ የሆነ ሰው መኪናውን በሳሙና አሳጥቦ፣ አድርቆ፣ በፀሐይ ብርሃን ይመልከተው።

ኒሳን እ.ኤ.አ. በ2005 ቀላል ጭረትን በራሱ የሚያለሰልስ ልባስ አስተዋውቆ ነበር፤ ጥበቡ ልባሱ የመለጠጥና ወደ ቀድሞ ቅርጹ የመመለስ ባሕርይ ያለው መሆኑ ነው። በእኛ መንገዶች ላይ ለሚሽከረከሩት ብዙዎቹ መኪኖች ግን ዋናው ጠላት አቧራ ነው። በአቧራ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ በሞህስ መለኪያ 7 ጥንካሬ አለው፤ ከየትኛውም የመኪና ቀለም ይጠነክራል። አቧራ የለበሰን መኪና በደረቅ ጨርቅ መወልወል በአሸዋ ማሸት ማለት ነው። ውኃ ቢያጥር እንኳ ያለችውን ባልዲ ከፍሎ ግማሿን ከጣሪያው ጀምሮ ማፍሰስ፣ ጨርቁንም የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው።