ቆጥሮ የማያስረዳ መሐንዲስ

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በየወሩ ከደሞዛቸው ቀንሰው የሚልኩት ብር አገር ቤት አንድ ተማሪ ያስተምራል። ወንድም ነው፣ እህት ናት፣ ወይም የገዛ ልጅ። ተማሪው ኢንጂነሪንግ ከገባ ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይኮራል። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱና ዲዛይኑ ይከበራል። ሁለት ትምህርቶች ግን ብዙ ጊዜ እንደ ማሟያ ይታያሉ፤ የኮሙኒኬሽን ክህሎትና ስታቲስቲክስ። “ለመሐንዲስ ይሄ ምን ያደርግለታል?” የሚል ተማሪ ጥቂት አይደለም። የዝግጅት ክፍላችን እምነት ሌላ ነው። መሐንዲስ በሠራው ቤት፣ ሊፍትና ምድጃ አጠገብ ውሎ ለሚያድር ሰው እነዚህ ሁለት ትምህርቶች የሕይወት ጉዳይ ናቸው።

ነገሩ እዚሁ ደጃችን ያለ ነው። አል ራያን በሚገኘው ኤጁኬሽን ሲቲ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በኬሚካል፣ በኤሌክትሪካል፣ በሜካኒካልና በፔትሮሊየም ምህንድስና ወጣቶችን ሲያስተምር ቆይቷል። የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ በፌብሩዋሪ 2024 ቅርንጫፉ እስከ 2028 እንዲዘጋ ወስኗል። ሕንፃና ላቦራቶሪ መረከብ ቀላል ነው። እኛን የሚያሳስበን የማስተማሩ ልማድ ነው። የምህንድስና ትምህርትን ጥራት የሚመሰክረው ‹ኤቤት› የተባለው የአሜሪካ ተቋም፣ ተመራቂ ሊያሟላቸው ይገባል ከሚላቸው 7 ነጥቦች አንዱ ለተለያዩ ሰሚዎች በሚገባ ማስረዳት መቻል ነው። ሌላው ሙከራ አካሂዶ ከተገኘው ቁጥር ትክክለኛ መደምደሚያ ላይ መድረስ ነው። “ለተለያዩ ሰሚዎች” የሚለው ይሰመርበት። ሰሚው ፕሮፌሰሩ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሁለቱ ሲጓደሉ ምን እንደሚመጣ ዓለም አይቷል። ጃንዩወሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከተነሣች ከአንድ ደቂቃ ጥቂት በኋላ ተበታትና 7 ተሳፋሪዎቿ ሞቱ። መነሻው የጎማ ቀለበት ነበር። በፕሬሸር ኩከር ክዳን ዙሪያ ያለችውን ጎማ አስቡ፤ ከደረቀች እንፋሎቱ ያመልጣል። የሮኬቱም ጎማ በብርድ ደርቆ እሳቱን ማገድ አቃተው። መሐንዲሶቹ ይህን ፈርተው በዋዜማው ማታ “አይነሣ” ብለው ነበር። ያቀረቡት ማስረጃ ግን ጎማቸው የተጎዳባቸውን በረራዎች ብቻ ያሳይ ነበር። ከነዚያ መካከል በሞቃት ቀንም የተጎዳ ስለነበረ፣ ብርድ ለብቻው ጥፋተኛ አልመሰለም። ምንም ያልተጎዱት በረራዎች ከሠንጠረዡ ቀርተው ነበር። በኋላ የመረመረው ኮሚሽን ሁሉንም አንድ ላይ ሲደምራቸው እውነቱ ወጣ። በ19 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ችግር የታየባቸው 3 ብቻ ናቸው። በ17 ዲግሪና ከዚያ በታች የተደረጉት 4 ግን አንድም ሳይቀር ጉዳት ታይቶባቸዋል። በዚያ ቀን ማለዳ ብርዱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነበር። እውቀቱ ነበራቸው። ቁጥሩን በሙሉ ዘርግቶ አለቃን የሚያሳምን አቀራረብ ግን ጠፋ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ መሐንዲስ አይቶ ካላስረዳ ግን ዝምታው ይነቅዛል።

በጎ ምሳሌም አለን፤ እሱም ከዶሃ ነው። በ2019 የግሪክ ተመራማሪዎች እዚህ የግንባታና የእርሻ ሠራተኞች በሙቀት ምን እንደሚሆኑ ለክተው ነበር። በ2021 በወጣው ደንብ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ ሰዓት ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ተኩል፣ ጥላ በሌለው ቦታ መሥራት ተከልክሏል። ሙቀትን፣ እርጥበትን፣ ፀሐይንና ነፋስን አንድ ላይ የሚለካው መሣሪያ ከ32.1 ካለፈም በየትኛውም ሰዓት ሥራ ይቆማል። ያ ሁሉ ልኬት ሠራተኛው ሊይዘው ወደሚችል አንድ ቁጥር መጣ። ቁጥር ሰውን የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው። ዳሩ ግን በዚያ ጥናት የኩሽና ሙቀት አልተለካም፤ ቀኑን ሙሉ እሳት አጠገብ ቆማ የምትውል እህታችን ከሠንጠረዡ ውጪ ናት።

ስለዚህ በኤጁኬሽን ሲቲም ሆነ በኳታር ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምሩ የምንለው ይህ ነው። ስታቲስቲክስ ሲሰጥ የመጀመሪያው ጥያቄ “ማን ሳይቆጠር ቀረ?” ይሁን። አማካይም ይመርመር። የ2017ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። አንዷ 6 ሰዓት፣ ሌላዋ 14 ሰዓት ብትሠሩ አማካዩ 10 ነው። በወረቀት ላይ ሁሉም ሰላም ይመስላል፤ 14 ሰዓት የቆመችዋ ግን ወገቧ ያውቀዋል። አማካይ ብቻ የሚያነብ መሐንዲስ እሷን አያያትም።

የኮሙኒኬሽን ፈተናም ከክፍል ይውጣ። ተማሪው የጋዝ ሲሊንደር ሲያፈስ ምን እንደሚደረግ፣ ሊፍት ሲቆም ማን እንደሚጠራ፣ እሳት ሲነሣ በየት እንደሚወጣ ለአንዲት የቤት ሠራተኛ ያስረዳ። ዶሃ ውስጥ አብዛኛው ነዋሪ አረብኛም እንግሊዝኛም የአፍ መፍቻው አይደለም። እሷ የተረዳችውን ደግማ ከነገረችው አልፏል። ካልተረዳች የወደቀው እሱ ነው።

ለእናንተም አንድ ነገር አለን። አገር ቤት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪ ሲመረቅ የመውጫ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ከፈተናው ማዶ ደግሞ ቀጣሪ አለ። ቀጣሪው “የሠራኸውን ንገረኝ” ሲለው አንደበቱ ከተያዘ የአምስት ዓመት ድካሙ፣ የእናንተም ላብ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እንግዲህ በሚቀጥለው አርብ ስትደዋወሉ “ውጤትህ ስንት ነው?” ብላችሁ ብቻ አትለፉት። “በዚህ ሳምንት የተማርከውን በአማርኛ፣ እኔ በሚገባኝ መንገድ አስረዳኝ” በሉት። ካልገባችሁ “አልገባኝም” ማለት አይክበዳችሁ። ኋላ ከሕንፃ ተቆጣጣሪውና ከሠራተኛው ፊት ሲቆም የሚጠብቀው ይኸው ጥያቄ ነው፤ በእናንተ ቢለማመድ ይሻለዋል።