የሩዝ ዘርና የወዝ አደሩ እንጀራ

እንደሚታወቀው የጤፍ ዋጋ ከወዝ አደሩ አቅም በላይ እየሆነ በመምጣቱ፣ በሀይሌ ጋርመንትም ሆነ በሌሎች የከተማችን ሰፈሮች ጤፍን ከሩዝ ጋር አስፈጭቶ መጋገር የተለመደ ሆኗል። ሆኖም ይህ ሩዝ ከየት እንደሚመጣና ዘሩ በማን እጅ እንዳለ እምብዛም አንወያይበትም።

በደቡብ ጎንደር የሚገኘው የፎገራ ሜዳ ክረምት በገባ ቁጥር ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት መሬት ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ ሩዝን አስለመዱ። ውሃ የተኛበት ሜዳም ቀስ በቀስ የአገሪቱ ዋነኛ የሩዝ ማሳ ሆነ። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው።

ይሁን እንጂ ሩዝ በባሕርዩ የሞቃት አገር ሰብል ሲሆን የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ዘለላው ሊወጣ ሲል የሌሊቱ ብርድ ከበረታ የአበባው ብናኝ ይመክናል፤ ያማረ የመሰለው ማሳ ሲወቃ ገለባ ይሆናል። የመከነውን ፍሬ ማዳበሪያ አይመልሰውም። ዋነኛው መፍትሔ ብርድን የሚቋቋም ዝርያ ማዳቀል ነው። በፎገራ የተቋቋመው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተልዕኮም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ባዶ ተስፋ አይደለም። ሩዝ በጎርፍ ተውጦ ሁለት ሳምንት ያህል እንዲቆይ የሚያስችለው ጂን በ1998 ዓ.ም. ተለይቶ ታውቋል። የተገኘውም በሕንድ የኦዲሻ ገበሬዎች ጠብቀው ካቆዩት ነባር ዝርያ ነው። የፎገራና የጋምቤላ ረግረጎችም የዱር ሩዝ ያበቅላሉ፤ ይህ ሀብት ሳይጠፋ ሊጠበቅ ይገባል።

አንዳንዶች «ከውጭ ማስገባቱ ይቀላል» ይላሉ። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ጆንያ ግን ተበልቶ ያልቃል፤ በአገር የተዳቀለ ዘር ይራባል። አንድ ዝርያ ከማዳቀያው እስከ ገበሬው ማሳ ለመድረስ ብዙ ዓመታት የሚፈልግ በመሆኑ፣ በጀቱ አንድ ዓመት ተሰጥቶ በሌላው የሚነፈግ ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ የሰፈር ማኅበራትና ሠራተኞች ጉዳዩን ለገበሬው ብቻ መተው የለብንም። በየሸማቾች ማኅበሩ የፎገራ ሩዝ እንዲቀርብ እንጠይቅ፤ ምርምሩም እንዳይቋረጥ ድምፃችንን እናሰማ። ዘሩን በእጁ ያልያዘ ሕዝብ የእንጀራው ባለቤት ሊሆን አይችልም!