ፈረሱ ሲወደስ ኮርቻ ሠሪውም ይወደስ

ጥር 23 በመጣ ቁጥር የአዊዋ ከተማ እንጅባራ በፈረስ ትሞላለች። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ ባንጃው፣ አንከሻው፣ ቋቋራው፣ አዘናው፣ ዚገሙ፣ ጫራውና መተከሉ በአንድ ሜዳ የሚገናኝበት፣ ዓድዋ ላይ ከአርበኛው ጋር የዘመተው ፈረስ ውለታ የሚታሰብበት በዓል ነው። ጉግሱን እናደንቃለን፣ ጋላቢውን እናሞግሳለን፣ የፈረሱንም ስም እናነሳለን። ኮርቻውን የሰፋው፣ ልጓሙንና እርካቡን የቀጠቀጠው፣ ግላሱን በደማቅ ክር ያስጌጠው ሰው ግን ስሙ አይጠራም። በዓሉ ወደፊት እንዲኖር ከፈለግን መጀመር ያለብን ከእነዚህ ባለሙያዎች ነው እላለሁ።

በምዕራብ አፍሪካ የዮሩባ ሕዝብ ያቆየው ልማድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ናይጄሪያና ቤኒን ውስጥ ገለዴ በሚባለው ሥርዓት፣ እናቶችን ለማክበር፣ ወንዶች ከእንጨት የተቀረጸ ጭምብል በራሳቸው ላይ ደፍተው ከበሮውን ተከትለው ይጨፍራሉ። ዩኔስኮ ገለዴን በ2001 እ.ኤ.አ. በቅርስነት ሲያውጅ ዕውቅና የሰጠው ለእንጨቱ ብቻ አይደለም፤ ለዜማው፣ ለጭፈራውና ለቀረጻው ጥበብ ጭምር ነው። በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች የተደረደሩት ብዙዎቹ የአፍሪካ ጭምብሎች ግን የቀራጺያቸው ስም ሳይመዘገብ ከጭፈራው ተነጥለው የተወሰዱ ናቸው። በዮሩባ አገር ግን ጎበዝ ቀራጺ ይወደሳል። በ1930ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ላረፈው፣ የነገሥታትን ቤት በሮችና ምሰሶዎች ለቀረጸው ለኢሴው ኦሎዌ የተገጠመው ውዳሴ፣ እሱ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላም በባለቤቱ አንደበት ይዜም ነበር።

እኛ ጋ የሆነው ተቃራኒው ነው። ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ለዘመናት ተንቀው ኖረዋል፤ ባላገሩ ያለ እነሱ ማረስም መጋለብም ሳይችል በጋብቻና በማዕድ አግልሏቸዋል። ይህ ግፍ ነው፤ ጉዳቱም ለበዓሉ ይተርፋል። ልጁ በአባቱ ሙያ ከተሰደበ ሙያውን አይወርስም፤ ወራሽ ያጣ ሙያ ደግሞ በአንድ ትውልድ ይጠፋል።

ዕቃውን ሰብስቦ በቤተ መዘክር ማስቀመጥ ይበቃል የሚሉ አሉ። ማስቀመጡ ደግ ነው፤ የተሰቀለ ኮርቻ ግን ቆዳው እንዴት እንደሚለፋ፣ እንጨቱ በፈረሱ ጀርባ ልክ እንዴት እንደሚጠረብ ለወጣት አያስተምርም። ሌሎች ደግሞ ሕዝቡ በጦርነትና በኑሮ ውድነት በተጨነቀበት ጊዜ ስለ ፈረስ ጌጥ ማውራት ቅንጦት ነው ይላሉ። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ ሰው ከጌጥ እንደሚቀድምም አልጠራጠርም። ነገር ግን ለአዊ ገበሬ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ መጓጓዣው ነው፣ ሙሽራ ያጅብበታል፣ ለቅሶ ይደርስበታል። ኮርቻ ሠሪውም ከዚያው ከተጨነቀው ሕዝብ አንዱ ነው፤ ሥራው ገበያ ሲያገኝ የሚጠቀመው ድሃ ቤተሰብ ነው።

ስለዚህ ማኅበሩ በሚቀጥለው ጥር 23 ከአሸናፊው ጋላቢ ጎን ኮርቻና ልጓም ሠሪዎችን በስማቸው ጠርቶ ይሸልም። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ከእንጅባራና ከዳንግላ ገጠሮች አረጋውያን ባለሙያዎችን ፈልጎ ሥራቸውን በምስልና በድምፅ ይመዝግብ፤ በሕይወት ሳሉ።