ስለ ድምፅ ገመድ ያለኝ አሳብ

ይህችን አጭር ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ዐቢይ ጾም በቤታችን የተነሣው የገመድ ክርክር ነው። አባቴ በጾም ወራት ማታ ማታ በገና መስማት ይወዳሉ። ታላቅ ወንድሜ ከዲቪዲ ማጫወቻው ጋር ያያያዘው ድምፅ ማጉያ ግን በገናው ገና ሳይጀመር «እምምም» እያለ ያጉረመርማል። በገና ደግሞ እንደሚታወቀው ራሱ ነዛሪ ድምፅ አለው፤ በእያንዳንዱ አውታርና በሚያርፍበት እንጨት መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት ያን ድምፅ የምትሰጠው። አባቴም አንድ ማታ «ይህ በገናው ነው ወይስ ዕቃችሁ?» ብለው ቢጠይቁ የሚመልስ ጠፋ።

ወንድሜ ሞጣ ሄዶ አንድ ነጋዴ ቢያማክር፣ «ባላንስድ የሚባለውን ባለ ሦስት እግር ገመድ ግዛ፤ ጉርምርምታው ይጠፋል» አለው። ዋጋውን አልናገርም፤ ለፋሲካ የታሰበው በግ ሊሸጥበት ነበር ማለት ይበቃል።

እኔ በበኩሌ ተቃወምሁ። እስቲ የገመዶቹን ጠባይ እንመልከት። ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ተራው ገመድ ድምፁን የሚያስተላልፈው በአንድ የውስጥ ሽቦ ሲሆን፣ ዙሪያውን የሸፈነው የሽቦ መረብ መከለያም መመለሻም ነው። ባላንስዱ ግን በመከለያው ውስጥ ሁለት ሽቦ አለው፤ አንዱ ድምፁን ሲይዝ ሁለተኛው የዚያኑ ግልባጭ ይይዛል። ከውጭ የሚመጣ ሁከት ሁለቱን እኩል ይነካል፤ ተቀባዩ መሣሪያ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሚወስድ ሁከቱ እርስ በርሱ ተጣፍቶ ድምፁ ይቀራል። ብልሃቱ አዲስ አይደለም። የስልክ ሰዎች በአንድ ሽቦና በመሬት ይሠሩ በነበረ ጊዜ ሁከት ስላስቸገራቸው ሽቦውን ጥንድ አደረጉት፤ ግራሃም ቤልም ሁለቱን ሽቦ እንደ ገመድ መግመድን በ1881 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቧል።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሆነው ላኪውም ተቀባዩም ለዚያ ሲሠሩ ነው። የማጫወቻችንን ጀርባ አዙሬ ባይ ያሉት ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። በአንድ ጫፉ ሦስት እግር፣ በሌላው ቀይና ነጭ ያለው ገመድ ቢገዛ ያው ተራ ገመድ ነው፤ አህያ የበቅሎ ኮርቻ ቢጭኑባት በቅሎ አትሆንም። ርቀቱንም ብለካው ሁለት ክንድ አልሞላም።

ባላንስድን ንቄ አይደለም። በሠርግ ዳስ ማይኩ ከማጉያው ሠላሳና አርባ ሜትር ሲርቅ፣ ከማይኩ የሚወጣው ኃይል እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ እንዲህ ባለው ቦታ በተራ ገመድ ልቆጥብ የሚል ሰው ቢያፍር ፍርዱ ነው።

ወንድሜ «ነጋዴው የማያውቀውን አንተ ልታውቅ ነው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ከታላቅ ጋር መከራከር ደስ አይልም። ቢሆንም አንድ ማታ እንዲሰጠኝ ለመንሁት። ብመረምር የድምፁ ገመድ ከመብራቱ ገመድ ጋር በአንድ ላስቲክ ታስሯል፤ የመብራቱ 220 ቮልት ደግሞ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። በዚያ ላይ መረቡ በአንድ ጫፉ ተበጥሷል። ገመዶቹን ለይቼ አራቅኋቸው፤ መረቡንም በየድሁት። ጉርምርምታው ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ማጉያው እስከ መጨረሻ ሲከፈት ጆሮውን ለጣለ ሰው በጥቂቱ ይሰማል። አባቴ በሚወዱት ልክ ሲከፈት ግን የሚሰማው በገናው ነው።

ወንድሜ እስከ ዛሬ «ባላንስዱ ይሻል ነበር» ይላል። በጉን ግን በፋሲካ አብረን በላነው።