ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ



ሕገ መንግሥቱ ሕዝብ በየአስር ዓመቱ ይቆጠር ቢልም የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። አራተኛው ተደጋግሞ ተራዝሟል። ያኔ ሙስሊሙ 33.9 በመቶ ገደማ ተባለ፤ «ቁጥራችን አንሷል» የሚለው ቅሬታ ዛሬም በየመስጂዱ ደጃፍ ይነሳል። እኛም እናነሳዋለን። ግን ስንቶቻችን ቤት ጠብቀን ሃይማኖታችንን በአንደበታችን አስመዘገብን?

«ልጅ አይቆጠርም» ለሚሉ እናቶቻችን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ሙስሊሞች እንዲመዘገቡ ማዘዛቸውን ንገሯቸው፤ ቡኻሪ ዘግበውታል።

ጉብሬ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መርካቶ የሚነግደው ልጃችን ለአረፋ ስለሚመጣ ብቻ እናቱ እዚህ ታስጽፈው ይሆናል፤ እሱም አዲስ አበባ ይቆጠራል። ሰው የሚቆጠረው በሚኖርበት ቦታ ነው። ሁለቴ መጻፍ ለዲን ተብሎም ቢሆን ውሸት ነው፤ ቅሬታችንንም ዋጋ ያሳጣዋል።

ቀኑ ሲደርስ መጀመሪያ መታወቂያ ጠይቁ። ቆጣሪ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ትምህርት ይጠይቃል፤ የባንክ የሚስጥር ቁጥር ወይም ገንዘብ ከጠየቀ ግን አጭበርባሪ ነው። ስልካችሁንም አትስጡ። እህታችን ብቻዋን ከሆነች ደጃፍ ላይ ቆማ ትመልስ፤ ካልተመቻት ሌላ ሰዓት ትቅጠረው። ጎረቤት ግን አይመልስላት።