የበረራ ተማሪና የማረፍ ትምህርት

አይሮፕላንን ከመሬት ማስነሣት ለተማሪ ቶሎ የሚገባ ነገር ነው። በደኅና ወደ መሬት መመለስ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ በትናንሽ የመማሪያ አይሮፕላኖች ላይ ከሚደርሰውም አደጋ ብዙው የሚሆነው በማረፍ ጊዜ ነው። ደግነቱ፥ በዚያ ሰዓት ፍጥነቱ ጥቂት ስለ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ብረቱ እንጂ ሰው አይደለም። ይህ ግን ነገሩን ለመናቅ ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የአደጋው አመጣጥ እንዲህ ነው። ተማሪው ከሚገባው ፍጥነት አብልጦ ወደ ሜዳው ይቀርባል፤ አይሮፕላኑም ገና መብረር ስለሚችል አልወርድም ይላል። ተማሪው ትዕግሥት አጥቶ በግድ ሊያሳርፈው አፍንጫውን ሲደፋ፥ ቀድሞ መሬት የሚነካው የፊተኛው መንኰራኵር ይሆናል። ወዲያው አፍንጫው ወደ ላይ ይነጥራል፤ ተማሪውም ደንግጦ መሪውን ወደ ፊት ይገፋል። እጁ ከአይሮፕላኑ ዘግይቶ የሚደርስ በመሆኑ፥ ላርም ያለው ሁሉ ዝላዩን ያከፋዋል። ሁለተኛው ንጥረት ከመጀመሪያው፥ ሦስተኛውም ከሁለተኛው ይብሳል፤ በመጨረሻም የፊተኛው እግር ይታጠፋል። መድኃኒቱ መሪውን መታገል ትቶ፥ አፍንጫውን በልክ ይዞ፥ ለሞተሩ ሙሉ ኃይል ሰጥቶ ዳግመኛ መነሣትና ዞሮ እንደ ገና መምጣት ነው።

ይህን መድኃኒት ተማሪው አስቀድሞ ተምሮታል። የሚከለክለው የዕውቀት ማነስ ሳይሆን እፍረት ነው። አስተማሪው ከጎኑ ተቀምጦ፥ ጓደኞቹም ከሜዳው ዳር ቆመው ሲያዩ፥ ያልተሳካለትን ማረፍ ትቶ መነሣት ሽንፈት ይመስለዋል። ድጓ የተማረ ሰው ግን ይህን ይረዳዋል፤ ዜማው የተሳተው ተማሪ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ ገና ይለዋል እንጂ ስሕተቱን ተሸክሞ ወደ ፊት አይዘልቅም። ስለ መመለሱም የሚነቅፈው የለም፤ የመምህሩ አለንጋ ከታለፈ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከአገሩ ልጆች ጋራ ወጣቶችን ያሠለጠነበት የቢሾፍቱ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ግድም ነው፤ አዲስ አበባም ከ2300 ሜትር ያልፋል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ጠረፍ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይጎድላል። ስለዚህ የፍጥነት መለኪያው በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ፥ ነፋስ በሌለበት አይሮፕላኑ በመሬቱ ላይ የሚሮጠው በ123 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ለማቆምም ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል። ተማሪው መለኪያውን ትቶ በዓይኑ ቢፈርድ፥ የፈጠነ መስሎት ፍጥነቱን ከልክ በታች ይቀንሳል፤ ክንፉም አየሩን ይለቃል። ሞተሩም አየር አጥብቆ የሚያስገባለት መሣሪያ ከሌለው ከአምስት እጅ ኃይሉ አንዱን የሚበልጥ ያጣል። እንግዲህ በደጋ ዳግመኛ የሚነሣ ሰው፥ ይልቁንም በቀትር ሙቀት፥ ከቆላው አብራሪ ቀድሞ መቍረጥ አለበት።

በበረራ ትምህርት ቤቶች ላይ የተሾሙ ሰዎች ይህን ሊመለከቱት ይገባል። ስንት ጊዜ ሳያርፍ ተነሣ ተብሎ የተማሪው ነጥብ የሚቀነስ ከሆነ፥ በማግስቱ መነሣት ሲገባው አይነሣም። ጠንክሮ መሬት ስለ መታ አይሮፕላንም ነገሩ እንዲሁ ነው። በሴስና 172 የፊተኛው እግር የተያያዘው የሞተሩን ክፍል ከሰዎቹ ክፍል ከሚለየው ግድግዳ ጋራ ነው፤ እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ግድግዳው ተጨማዶ ሊገኝ ይችላል። ከውጭ የሚያየው ሰው ላያስተውለው ይችላል፤ ምቱ ምን ያህል እንደ ነበረ የሚያውቀው ያሳረፈው ተማሪ ነው። እርሱ ቅጣት ፈርቶ ዝም ቢል፥ ቀጥሎ የሚቀመጥበት ሌላ ልጅ ነው። ስለዚህ ራሱ ቀርቦ የተናገረውን ከቅጣት ነጻ ማድረግ፥ አይሮፕላኑንም መካኒኩ መርምሮ በመዝገብ እስኪፈርምበት ድረስ ከበረራ ማስቀረት ይገባል። ይህ የትምህርት ሰዓት ያስቀራል፥ ገንዘብም ያስወጣል፤ በጀት የሚያዘጋጁት ሹማምንት ከዓመቱ መጀመሪያ አስበው ይያዙለት።